ለባሕር ማዶ ሸንጎ የጻፍነው ወረቀት

ዘመኑ ሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በመንፈቁ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎበዝ ነበርሁ። ዕድሜዬን ጽፎ ያስቀመጠልኝ የለም፤ እናቴ በአንበጣው ዓመት ወለድሁህ ትለኝ ስለነበር ከዚያ እየቆጠርሁ ነው። ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ዳዊት ጀምሬ አልጨረስሁም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩን ግን አላንገዳግደውም፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምጽፍ።

ይህን ያነሣብኝ ሬዲዮ ነው። ባለፈው ሳምንት አምበር ገበያ ወርጄ ጉልበቴ ቢደክመኝ ጠላ ቤት ዐረፍ አልሁ። ሬዲዮኑ ስለ አንድ ሩቅ አገር ጦርነት ያወራል። የዓለም መንግሥታት ሁሉ ተሰብስበው፣ ብዙዎቹ ጦርነቱ ይቁም ብለው እጃቸውን አወጡ፤ አንዱ ትልቅ አገር ግን እምቢ አለና ነገሩ ቀረ አለ። አጠገቤ ለተቀመጠው አስተማሪ፣ አንዱ እምቢ ስላለ ነው ወይ የቀረው አልሁት። አዎ አባባ፣ እምቢ ማለት መብቱ ነው አለኝ። መብቱን ማን ሰጠው ስለው፣ ሲመሠርቱት ትልልቆቹ ለራሳቸው ሰጡ አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ጠላውን እየጠጣ። እኔ ጠላዬን አስቀመጥሁ። እኛ የጻፍንለት ያ የድሮው የነገሥታት ሸንጎ ፈርሶ ሌላ ተሠርቷል ሲሉኝ ተሽሎታል ብዬ ነበራ! ይኸው እስከ ቤቴ ድረስ እየተብሰለሰልሁ መጣሁ፣ ከዚያም ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ የሚታየኝ ያ የሃያ ዘጠኙ ጥር ብቻ ነው።

በዚያ ጥር ነው ታላቅ ወንድሜ ይስማው የሞተ። እህሉ ታጭዶ፣ ክምሩ አውድማ ላይ ቆሞ፣ ጤፉ እንደዚያ ዓመት ሰምሮ አያውቅም። ከጣልያኑ ምሽግ የተላኩ ወታደሮች ጎሕ ሲቀድ በጉም ውስጥ መጡና ክምሩን አቃጠሉት፤ ለሸፈተ ሰው ስንቅ ትሰጣላችሁ ብለው ነው። ይስማው መንሹን ይዞ እሳቱ ላይ ሮጠ። እዚያው ጣሉት። እኔ ከወንዝ ማዶ ከብት ፍለጋ ሄጄ ነበር፤ ጭሱን አይቼ ስደርስ ወንድሜ ጎኑ ላይ ገለባ ተጣብቆበት ተጋድሟል፣ ሚስቱ ውዴ እጇ ተቃጥሎ እራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አታለቅስም ነበር። ያየችውን ጠየቅኋት ወይ? አልጠየቅኋትም። ጎበዝ ነኝ፣ ደሜ ፈልቷል፣ ለሷ ማቅ እንጂ ጥያቄ አላመጣሁላትም።

ከተዝካሩ በፊት አጥቢያው አውጫጭኝ ተቀመጠ። የዛሬ ልጆች አውጫጭኝ ስትሏቸው ይሥቃሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤት ቢቃጠል፣ ከብት ቢሰረቅ፣ ሰው ቢሞትና ያደረገው ቢታጣ፣ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ዋርካ ሥር ይወጣና በእሾህ አጥር ይከበባል። ባለርስት ነኝ፣ ቄስ ነኝ፣ ቤቴ እንግዳ መጣብኝ ማለት የለም። ሸማኔውም ባለ ሦስት ጥማድ በሬውም አንድ ሣር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ፈንጠር ብለው ይቀመጡና ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ፣ በመሐላ፣ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ «ወፏ እንዲህ አለች» ብለው ሽማግሌዎቹ ያወጡታል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሚስቱ ብትወልድም አይሄድም። ካልወጣ ደግሞ አጥቢያው በሙሉ ለተበደለው ይክሳል፤ ዝም ያለውም ያላየውም እኩል። ከዚህ የተሻለ ዳኝነት በዓለም አለ ብዬ አላምንም ነበር።

የሦስቱ ሽማግሌዎች አውራ አያ እንግዳ ነበሩ። ጭቃ ሹም ናቸው፤ ረዥም፣ ጥቁር በርኖስ የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ዝንብ የማያስጮኹ ሰው። አባቴ ሲሞት መቃብሩን የቆፈሩልን እሳቸው ናቸው። ሁለት ቀን ተቀምጠን በሦስተኛው ቀን ተነሡና ወፏ የምትለው አንድ ነው፣ ያቃጠለውም የገደለውም የምሽጉ ነጭ ሹም ነው አሉ። ይህን ማን አጣው? ሰዉ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ነው አያ እንግዳ ያን ነገር ያመጡት። ጥፋተኛው የኛ አጥቢያ ሰው አይደለም፤ የሌላ አጥቢያ ሌባ በገዛ አጥቢያው አውጫጭኝ ይዳኛል አሉ። ባሕር ማዶ የነገሥታት ሸንጎ አለ፣ ሃምሳ ምናምን መንግሥት የተቀመጠበት፤ የኛም መንግሥት አባል ነው፣ የጣልያንም አባል ነው፤ ከጦርነቱ በፊት በገበያ ሲለፈፍ ሰምታችኋል፣ ስለዚህ ለዚያ ሸንጎ እንጻፍ አሉ። ሰዉ ደስ አለው። እኔማ ልቤ በራልኝ። ሃምሳ ነገሥታት በእሾህ አጥር ተከበው፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ምሳ ሳይበሉ ተቀምጠው ታዩኝ። ካልቀጡት ሁሉም እኩል ሊክሱን ነው። እንዲህ ነው ያሰብነው፣ ሁላችንም፣ ቄሱ ሳይቀሩ።

ከዲማ አንድ ደብተራ አስመጣንና ጻፈልን። ቀለሙ ከጥላሸት የተበጠበጠ ነው፣ ብራናው የፍየል። የሰባ ሦስት አባወራ ስም ተጻፈ፣ በየስሙ አጠገብ እያንዳንዱ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመ። የመጀመሪያው ጣት የአያ እንግዳ ነው። ያን ለታ ውዴ ከአጥሩ ውጭ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ማቋን ለብሳ ቆማ ነበር። እኔንስ አትጠይቁኝም ወይ አለች፤ ድምጿ ትንሽ ነበር። አያ እንግዳ ደኅና አድርገው መለሷት፣ አልተቆጧትም፤ ልጄ፣ አንቺ ሐዘንሽን ያዢ፣ ሸንጎ የወንድ ነው አሏት። ሄደች። ማናችንም ዞረን አላየናትም።

ወረቀቱን እኔ ካልወሰድሁ ብዬ ተጣላሁ። ሌላ ይሂድ አሉኝ፣ የሟች ወንድም ነህ፣ ፊትህ ይናገርብሃል አሉኝ። እኔ ደግሞ አንዴ እምቢ ካልሁ በሬም አይጎትተኝ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ አሉ፤ ሲራራቸው መተማ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ሱዳን ነው፣ ከሱዳን ባሕር ማዶ። ብራናውን በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ በትልቅ ቅል ታች አደረግሁትና ከላይ ቅቤ ሞላሁበት። ይህ ወረቀት ቢያዝ ሰባ ሦስት አንገት ማለት ነው፤ ስሙን አንድ በአንድ ጽፈን፣ ጣታችንን አትመን፣ ራሳችንን ለገመዱ ቆጥረን የሰጠን ነን። ይህ ገና መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ቢሆንም ሄድሁ።

ደብረ ማርቆስ በዚያን ጊዜ! ዛሬ አስፋልቱንና ፎቁን የሚያይ ሰው አያምነኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሥር ገበያው ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ንብ ይተማል። በአንድ ጠገራ ብር ሙክት ይገዛ ነበር፤ አሞሌው ጨው ግን ጣልያን ከመጣ ወዲህ ጠፍቶ ሴቶች ስባሪውን በጨርቅ ቋጥረው እንደ ታቦት ይዘውት ይዞራሉ። ጣልያን የወረቀት ብር አምጥቶ ነበር። ቅቤ ሻጮቹ አይቀበሉም፤ ነፋስ የሚወስደው ገንዘብ አንፈልግም ይሉታል፣ ዱላ ሲመዘዝባቸው ይቀበሉና ዞር ሲል ለልጅ መጫወቻ ይሰጡታል። ተነፋነፍ ሱሪ የለበሰ ባላገር፣ ካኪ የለበሰ አስካሪ፣ ያ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ አቡጀዲ በአዲሱ ያጠለቀች የከተማ ሴት፣ ሁሉም ይጋፋል። ከአንድ ቆርቆሮ ቤት የፉርኖ ዳቦ ሽታ ይመጣል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወንድሜን ከገደሉት ሰዎች ምድጃ የወጣ ዳቦ ነው፣ አፌ ግን ምራቅ ሞላ። ከጎኑ የሸክላ ዘፈን ይጮኻል፤ ቋንቋው አይገባ፣ ሴትዮዋ የተጣላች ትመስላለች። ዛሬም ፉርኖ ሲሸተኝ ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

ኬላው ላይ አንዱ አስካሪ ጣቱን ቅቤው ውስጥ እስከ አንጓው ከተተ። እኔ ሞትሁ። መዘዘና ሁለት እጁን ሙሉ ዝቆ ጠጉሩን ተቀባ፣ ለጓደኛውም ቀባለት፣ እለፍ አለኝ። ሐጂ ሰይድ ሱቅ ስደርስ ላቤ ጀርባዬን አርሶታል። ሐጂ ነገሩን ሰምተው ወረቀቱን አልነኩትም። ልጄ፣ እኔ የሚላክበትን መንገድ አውቃለሁ፣ የሚደርስበትን አላውቅም፣ እሱን የሚያውቅ እዚሁ አለ ብለው በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪና ይዞ ወደተቀመጠው ልብስ ሰፊ መሩኝ። ዘለለው ይባላል። ቀጭን፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ የጣልያን ሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል አገኘሁት። ሐጂ እንደነገሩኝ ከጦርነቱ በፊት ከመልእክተኞቻችን ጋር ወረቀት ተሸካሚ ሆኖ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ በዚያ ሸንጎ በር ቆሞ ሰንብቷል። ስሙን ቀይሮ ነው የሚሰፋ።

ከቅቤው ያወጣሁለትን ብራና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አነበበ። መርፌውን አስቀመጠ። ሳይሥቅብኝ፣ ማን ነው ይህን ያሰበላችሁ አለ። ነገርሁት። አውጫጭኙንም አስረዳሁት፣ የሱ አገር ሌላ ነበርና። ከዚያ እኔ መጠየቅ ጀመርሁ፣ ምነው ባልጠየቅሁ።

«ጥፋተኛው እስኪወጣ አጥር ውስጥ ናቸው?»

«ምሳ ሲደርስ ይወጣሉ። ክረምት ሲሆን ወደየአገራቸው ይሄዳሉ።»

«ተከሳሹስ የት ይቆማል?»

«አይቆምም። ወንበር አለው።»

«የት?»

«ከዳኞቹ ጋር።»

ውሸታም ነህ አልሁት። አልተቆጣም። ሁሉንም ነገረኝ። ሃምሳው መንግሥት ተቀምጦ አጥፍቷል ብሎ ፈርዶ ነበር አለ፤ እውነት ነው፣ የጣልያንን ድምፅ አልቆጠሩለትም፣ ወንበሩን ግን አልነሱትም። ግን ሁለቱ ትልልቆች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ ለብቻቸው ጓዳ ገብተው ሌላ መከሩ፣ ግማሽ አገራችሁን ስጡትና ይብቃው ሊሉ። ትንንሾቹ አገሮች እንደ ማንም በወሬ ነው የሰሙት። እንግዲህ ባለፈው ክረምት፣ ጣልያን አገራችንን ከያዘ በኋላ፣ የጣሉበትን ቅጣት ተሰብስበው አነሡለት። ፍርዱ አልቋል፣ ወንድሜ፣ ወረቀትህ ከመጻፉ በፊት አልቋል አለኝ። ወንድሜ ሳይሞት ነው የፈረዱት! ሲራራውን ስናስብ፣ ቀለም ስንበጠብጥ፣ ጣት ስናትም፣ እነሱ ተነሥተው ከሄዱ ቆይተዋል። ባላገራቸውስ፣ የእንግሊዙ ገበሬ፣ የፈረንሳዩ አራሽ፣ እሱስ ምን አለ አልሁት። ማን ጠይቆት አለኝ።

እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ሲገፉኝ እንደ ፍየል ግንባሬን እሰጣለሁ። ድንጋጤዬን ለመሸፈን ፎከርሁበት። የነገሥታት ሸንጎ እንዲህ ከሆነ ከኛ ዋርካ ይማሩ፤ እኛ ዘንድ ተከሳሽ አይቀመጥም፣ እኛ ዘንድ የማይጠየቅ ሰው የለም አልሁት። ዘለለው መነጽሩን አንሥቶ ወረቀቱን እንደገና አየው።

«እሳቱን ማን አየው?»

«የወንድሜ ሚስት። አውድማው ላይ ነበረች።»

«ጣቷ የትኛው ነው?»

ሴት ናት እኮ አልሁት። አጎንብሶ ክሩን በመርፌው ማስገባት ጀመረ። ስንት ጊዜ ተሰድቤአለሁ፣ ተደብድቤአለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ያመመኝ የለም።

ቆይቶ የከሰል ካውያውን ከፈተና ፍሙን አሳየኝ፤ እዚህ ጨምረውና ሰባ ሦስቱን አንገት አድንና ሂድ አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን ሰባ ሦስት ሰው አብሮ የወሰነውን እኔ ብቻዬን አላቃጥልም አልሁት። ያኔ ነው የተቆጣው፤ እብድ ነህ፣ ትሰቀላለህ፣ ታሰቅላለህ አለ። ሐጂም ለመኑኝ። እምቢ አልሁ። መጨረሻ ዘለለው እየተሳደበ እጀ ጠባቤን አስወለቀኝና ብራናውን አጥፎ ክሳዱ ውስጥ፣ በአንገትጌው፣ ሰፋው። «በል፣ ከነአንገትህ ይዘኸው ሂድ» አለኝ። ስፌቱ የማይታይ ነበር። ዋጋ ብሰጠው አልተቀበለኝም።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አጥቢያዬ ገባሁ። ወደ ቤቴ አልሄድሁም፣ ወደ አያ እንግዳም አልሄድሁም። ውዴ በተቃጠለው አውድማ ዳር አመዱን በእጇ እየበጠበጠች ያልነደደ ፍሬ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ አልሁና ያን ለታ ያየሽውን ንገሪኝ አልኋት። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ልጠይቃት መምጣቴን አላመነችም።

«ወታደሮቹን አያ እንግዳ ናቸው መርተው ያመጡ» አለች። «እዚያ ግራሩ ሥር በርኖሳቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ አዩኝም። ይስማው ሲወድቅ እጃቸውን እራሳቸው ላይ ጫኑ።»

ሞኝ አትሁኚ፣ በጉም ውስጥ ነው ያየሽ አልኋት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። እሷ ግን አልተከራከረችኝም። ልጃቸው ምሽግ ታስሮ አልነበር ወይ፣ ከእሳቱ በስንተኛው ቀን ተፈታ አለችኝ። ቆጠርሁ። በሦስተኛው ቀን ነው። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብለን ቤታቸው ጠላ ጠጥተናል፤ እኔም ጠጥቻለሁ፣ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ። ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አልኋት። «አጥሩ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች።

አያ እንግዳ! ወፏን በጆሯቸው የሰሙ እሳቸው፣ የወፏን ቃል ያወጡ እሳቸው፣ ነገሩ ባሕር ማዶ ይሂድ ያሉ እሳቸው። ከሩቅ የሚዳኝ ሲገኝ ቅርብ ያለው አይመረመርም። እኔ ማርቆስ ላይ ቆሜ በነገሥታቱ ሳፍርባቸው፣ ለካ ተከሳሹ እኛም ዘንድ ከዳኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ ያውም ከፊት። የእጀ ጠባቤን ክሳድ ተርትሬ ብራናውን አወጣሁና የመጀመሪያውን ስም ለውዴ ፊደል በፊደል እየቆጠርሁ አነበብሁላት። ጣታቸውን ለምን ቀድመው አተሙ? ንስሐ ነው? ብልጠት ነው? ልጄን ልታደግ ብለው ሰው ይሞታል ብለው አላሰቡ ይሆናል። ይኸው አርጅቼም አልገባኝም። ሽጉጥ የነበረው ጎበዝ ቢሆን ያን ማታ ይጨርሰው ነበር፤ እኔም አስቤው ነበር፣ አልዋሽም። ውዴ ናት የከለከለችኝ። ከገደልኻቸው እኔ ያየሁትን የሚሰማ አይኖርም፣ የደም ነገር ሆኖ ይቀራል አለችኝ።

በማግስቱ ጧት፣ ሰኞ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ዋርካው ሥር ቆሜ የአጥቢያ ሰው ውጣ ብዬ ጮኽሁ። የተበደለ ሰው ሲጮኽ የማይወጣ የለምና ወጡ፤ አያ እንግዳም መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ጠፍጣፋዋ የዳኞቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውዴን እጇን ይዤ በአጥሩ በር አስገባኋትና ጋቢዬን ሣሩ ላይ አንጥፌ መሐል አስቀመጥኋት። ሰዉ አጉረመረመ፣ ሁለት ሦስቱ ሊወጡ ተነሡ። በሩን በእሾህ ዘግቼ ዱላዬን አጋደምሁበት። ብራናውን ሁሉም በሚያየው ቦታ ድንጋይ ጫንሁበት፤ ይቃጠል አይቃጠል በኋላ አብረን እንወስናለን አልሁ። ከዚያ ዞር ብዬ፣ «አያ እንግዳ፣ አንቱ ይነሡ፤ የተከሰሰ ሰው ቆሞ ነው የሚናገር» አልኋቸው።